የውድድር ብላክጃክ በሰፈር፦ ከጠረጴዛው ዝግጅት እስከ 30ኛው ዙር

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በሌሎች የአዲስ አበባ ዳር መንደሮች ብላክጃክ የተባለውን የካርታ ጨዋታ በውድድር መልክ ለማካሄድ የሚሞክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጨዋታውን ሳይጨርሱ ይበተናሉ። በካርታዎቹ ድምር 21ን ሳያልፉ ወደ 21 መጠጋት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ጨዋታውን የሚያፈርሰው ማን ቀድሞ እንደሚያስይዝ አለመወሰኑ፣ የእያንዳንዱ ሰው ነጥብ በየጊዜው አለመቆጠሩና ተጫዋቾቹ ዓይናቸውን ካርታ በሚያድለው ሰው ላይ ተክለው አጠገባቸው የተቀመጠውን ተፎካካሪ መርሳታቸው ነው። በውድድሩ ዓይነት ካርታ የሚያድለው ሰው፣ ከዚህ በኋላ አዳዩ የምንለው፣ ምንም ምርጫ የለውም፤ በተጻፈ ሕግ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዋንጫውን የሚወስደው አዳዩን ብዙ ጊዜ የረታ ሳይሆን በመጨረሻ ሲቆጠር ከጠረጴዛው ጓደኞቹ የሚበልጥ ነጥብ በፊቱ ያለው ሰው ነው።

ይህ መመሪያ የሚከተለው በ30 ዙር የሚጠናቀቀውንና በ8ኛው፣ በ16ኛውና በ25ኛው ዙር መጨረሻ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን ተጫዋች የሚያሰናብተውን አደራረግ ነው። ለሰፈር ጠረጴዛ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ከመጀመርዎ በፊት ሙሉውን ያንብቡ፤ በተለይ ደረጃ 9ን ሳያነቡ ተጫዋች ሆነው አይቀመጡ።

ደረጃ 1፦ ከገንዘብ ያርቁት

በገንዘብ የሚካሄድ የዕድል ጨዋታ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ነጥቡን በብር አይተኩ፤ የመግቢያ ክፍያ ሰብስበው ለአሸናፊው የሚያካፍሉ ከሆነም ያው ቁማር መሆኑን ይወቁ። ሽልማቱ ከኪስ የማይወጣ ነገር ይሁን፤ ዋንጫ፣ መጽሐፍ ወይም ለሚቀጥለው ውድድር አዳይ የመሆን ክብር ይበቃል። ካርታ የያዙ ወጣቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም፤ በመሆኑም የኮሚናሉን (የነዋሪዎቹን የጋራ ቤት) ክፍል ከመጠቀምዎ በፊት ለሕንፃው ኮሚቴ ቀድመው ይንገሩ፣ «ገንዘብ አይያዝም» የሚል ወረቀትም በሩ ላይ ይለጥፉ። ልጆች ከጠረጴዛው ርቀው ይቀመጡ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ያሟሉ

*ካርታ።* አራት ጥቅል አንድ ዓይነት ጀርባ ያለው ካርታ ያዘጋጁ። ጆከሮቹን አውጥተው እያንዳንዱን ጥቅል ለየብቻው ይቁጠሩ፤ 52 መሆን አለበት። አንድ የጎደለው ጥቅል ካለ ጥቅሉን በሙሉ አይጠቀሙበት፤ ከሌላ ጥቅል በተዋሱት አንድ ካርታ አይሙሉት፣ ጀርባው በትንሽ የቀለም ልዩነት ይታወቃልና። አራቱም ሲቀላቀሉ 208 ካርታ ይሆናሉ። አንድ ወይም ሁለት ጥቅል ብቻ ካለዎት ጨዋታው አይከለከልም፤ ነገር ግን በየሁለትና በየሦስት ዙሩ ስለሚበወዝ ሰው ይሰለቻል።

*ነጥብ መቁጠሪያ።* ቺፕስ መግዛት አያስፈልግም፤ ቆርኪ ይበቃል። ከሰፈር ግሮሰሪ ወደ 300 ቆርኪ ቀድመው ያስጠራቅሙ፣ አጥበውም ያድርቁ። 120ው ሳይቀባ ይቅር፤ እያንዳንዱ 10 ነጥብ ነው። 88ቱን በቀይ የጥፍር ቀለም ይቀቡ፤ እያንዳንዱ 50 ነጥብ ይሆናል። 90ውን በሰማያዊ ይቀቡ፤ እያንዳንዱ 100 ነጥብ ነው። ያልተቀባው ከአንድ ዓይነት መጠጥ ብቻ የተሰበሰበ ይሁን፤ ከተለያየ ጠርሙስ ከሰበሰቡት ከመካከሉ ቀይ ቆርኪ ተገኝቶ 50 ነው አይደለም የሚል ጭቅጭቅ ያስነሳል። በሁሉም ቆርኪ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር አንድ ምልክት ያድርጉ፤ ቆርኪ በየመንገዱ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ከኪስ የወጣውን ከጠረጴዛው የሚለየው ይህ ምልክት ብቻ ነው።

*ሌላው።* አንድ ሲኒ፣ አንድ ከካርቶን የተቆረጠ በካርታ ልክ የሆነ ጠንካራ ወረቀት፣ ክዳኑ የተነሳ የጫማ ካርቶን፣ ትናንሽ ወረቀቶችና እስክሪብቶ፣ የመመዝገቢያ ደብተር፣ ሰዓት የሚይዝ ስልክና አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ያስፈልጋሉ። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ወጥረው ያንጥፉት። ዳር ላይ ባሉ መንደሮች ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ በለስላሳ ፎርማይካ ላይ የተዘረጋን ካርታ ገልብጦ ይሄዳል፤ ብርድ ልብስ ግን ካርታውን ይይዘዋል፣ ቆርኪውም እንዳይንሸራተት ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ ሰው ይመድቡ፣ መቀመጫ በዕጣ ያውጡ

ስድስት ተጫዋች፣ አንድ አዳይና አንድ መዝጋቢ ይኑሩ። አዳዩና መዝጋቢው አይጫወቱም፤ «ሰው ስለጎደለ አዳዩም ይጫወት» የሚለውን ሐሳብ አይቀበሉ። ከስድስት በታች ከሆናችሁ በአራት መጫወት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የ8ኛውን ዙር ስንብት ያስቀሩት።

መቀመጫውን በካርታ ያውጡ። ትልቅ ካርታ የደረሰው ከአዳዩ በስተግራ ይቀመጣል፤ ሌሎቹም በካርታቸው ቅደም ተከተል እየተከታተሉ ይቀመጣሉ። እኩል የወጣላቸው እንደገና ያውጡ። ከዚያ መዝጋቢው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ያልተቀባ፣ ስምንት ቀይና አምስት ሰማያዊ ቆርኪ ይሰጣል፤ ድምሩ 1,000 ነጥብ ነው። የቀረው ሁሉ አዳዩ አጠገብ በሳህን ይቀመጣል፤ ክፍያም ምንዛሪም ከዚያ ይወጣል።

ሰማያዊው ከፊት፣ ያልተቀባው ከኋላ፣ በአምስት በአምስት ተደርድሮ ይቀመጥ። ነጥቡን በእጁ የሚሸፍን ወይም ኪሱ የሚከት ተጫዋች አንድ ጊዜ ይመከር፤ በሁለተኛው ጊዜ የዚያን ዙር ውርርዱን ያጣል። ይህ ቅጣት የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተፎካካሪን ነጥብ በዓይን አይቶ ማስላት የጨዋታው ዋና ችሎታ በመሆኑ የሚደብቅ ሰው ካለ ውድድሩ ትርጉሙን ያጣል።

ደረጃ 4፦ ይበውዙ፣ ይቁረጡ

1. ካርታውን በሙሉ ፊቱን ደፍተው ብርድ ልብሱ ላይ ይበትኑ፤ በሁለት እጅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያማሱት።
2. አራት ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን ክምር ለብቻው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይበውዙ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን እየቀላቀሉ ይድገሙት።
3. ከአዳዩ በስተቀኝ ያለው ተጫዋች ይቁረጥ፤ ማለትም ከክምሩ የላይኛውን ክፍል አንስቶ ከታች ያድርገው።
4. ከታች 52 ያህል ካርታ ቀርቶ ጠንካራው ወረቀት ይግባ፤ ክምሩም በጫማ ካርቶኑ ውስጥ በጎኑ ይተኛ።

ወረቀቱ ሲደርስ የተጀመረው ዙር ይጨረሳል፣ ከዚያ ይበወዛል። ስድስት ሰውና አዳዩ በአንድ ዙር በአማካይ ወደ 20 ካርታ ስለሚጨርሱ አንድ ብወዛ ሰባት ወይም ስምንት ዙር ያስኬዳል። ከእያንዳንዱ ስንብት በኋላም ወረቀቱ ባይደርስ እንኳ ይበውዙ።

ደረጃ 5፦ በተራ ያስይዙ

ሲኒውን ከአዳዩ በስተግራ ባለው ተጫዋች ፊት ይድፉት። ሲኒው ያለበት ሰው በዚያ ዙር ቀድሞ ያስይዛል፣ ቀድሞም ይጫወታል፤ ሌሎቹ በእርሱ በስተግራ ይከተላሉ። ዙሩ ሲያልቅ ሲኒው አንድ መቀመጫ ወደ ግራ ያልፋል። የወጣ ሰው ካለ መቀመጫውን ዘልሎ ይሄዳል። ሲኒውን የማዛወር ኃላፊነት የመዝጋቢው ብቻ ይሁን።

ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም የውድድሩ ምሰሶ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያስይዝ ሰው የሌላውን ሁሉ ውርርድ አይቶ ስለሚወስን ብልጫ አለው፤ ሲኒው ካልዞረ ያ ብልጫ የአንድ ሰው ርስት ሆኖ ይቀራል።

ዝቅተኛው ውርርድ 20፣ ከፍተኛው 500 ነው፤ ምንጊዜም በ20 የሚካፈል ይሁን። ምክንያቱም ብላክጃክ የደረሰው ሰው የውርርዱን አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል፤ በ20 ሲያስይዙ 30 ይሆናል፣ የ5 ነጥብ ቆርኪም አያስፈልግም። ለማስያዝ 25 ሰከንድ ይሰጥ። ሰዓቱ ካለፈበት ተጫዋች ፊት አዳዩ 20 ነጥብ ያስቀምጥለታል። እጅ ከቆርኪው ላይ ከተነሳ ውርርዱ ጸንቷል። ከ20 በታች የቀረው ተጫዋች ከውድድሩ ወጥቷል።

ደረጃ 6፦ ያድሉ፣ ይወስኑ

አዳዩ ሲኒው ካለበት ጀምሮ ለእያንዳንዱ አንድ ክፍት ካርታ፣ ለራሱም አንድ ክፍት ካርታ ያወጣል። ቀጥሎ ለተጫዋቾች ብቻ ሁለተኛ ክፍት ካርታ ያድላል። ሁለተኛ ካርታውን አዳዩ አሁን አይወስድም፤ ሁሉም ተጫዋች ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያወጣው። በቁማር ቤቶች አንዱ ካርታ ተደፍቶ የሚቀመጥበት አደራረግ አለ፤ ሰፈር ውስጥ ግን የተደፋ ካርታ በነፋስ ይገለበጣል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ የአዳዩም ፊት ይናገራል። ስለዚህ ያስቀሩት።

ከ2 እስከ 10 ያሉት እንደ ቁጥራቸው፣ ጄ፣ ኪውና ኬ እያንዳንዳቸው 10፣ አስ ደግሞ እንደ ምቹነቱ 1 ወይም 11 ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10 የደረሰው ብላክጃክ አለው።

ተጫዋቹ በተራው ከአራት ነገር አንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል።

*ጨምር።* አንድ ካርታ ይሰጠዋል። ከ21 ካለፈ ተቃጥሏል፤ ውርርዱ ወዲያው ይነሳል።

*በቃኝ።* ባለው ይቆማል።

*እጥፍ።* በሁለት ካርታ ላይ ብቻ ይፈቀዳል። እስከ መጀመሪያው ውርርድ እኩል የሚደርስ ነጥብ ይጨምራል፣ አንድ ካርታ ብቻ ይሰጠዋል። ከመጀመሪያው ውርርድ ያነሰ መጨመርም ይችላል፤ ይህ መብት በመጨረሻዎቹ ዙሮች ብዙ ያገለግላል።

*ክፈል።* ሁለቱ ካርታዎች እኩል ከሆኑ እኩል ውርርድ ጨምሮ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። የተከፈሉ አሶች ላይ አንድ አንድ ካርታ ብቻ ይወጣል፤ ከተከፈለ በኋላ የመጣ 21 እንደ ብላክጃክ አይቆጠርም።

ኢንሹራንስ የሚባለውን፣ አዳዩ አስ ሲያሳይ «ብላክጃክ ያወጣል» ተብሎ የሚያዘውን የጎን ውርርድ አያስገቡ። ከ13 ካርታ አራቱ ባለ 10 ስለሆኑ አስ ያወጣው አዳይ ብላክጃክ የሚሆንበት ዕድል ከሦስት አንድ አይሞላም፤ የሚከፈለው ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያስያዘውን ሰው በጊዜ ብዛት ይጎዳል፤ ጀማሪ አዳይንም ሒሳብ ያሳስተዋል።

ለጀማሪ የሚከተለው ውሳኔ ይበቃል። አስን እንደ 11 ሳይቆጥሩ 17ና ከዚያ በላይ ከያዙ ይቁሙ። ከ13 እስከ 16 ከያዙ አዳዩ ከ2 እስከ 6 ሲያሳይ ይቁሙ፣ 7ና ከዚያ በላይ ሲያሳይ ይጨምሩ። 12 ከያዙ አዳዩ 4፣ 5 ወይም 6 ሲያሳይ ብቻ ይቁሙ። 11 ላይ አዳዩ አስ ካላሳየ እጥፍ ያድርጉ፤ 10 ላይ ደግሞ አዳዩ 9ና ከዚያ በታች ሲያሳይ እጥፍ ያድርጉ። አሶችንና 8ቶችን ሁልጊዜ ይክፈሉ፤ ባለ 10ችንና 5ቶችን ፈጽሞ አይክፈሉ። አስ እንደ 11 ተቆጥሮ ድምሩ 17ና ከዚያ በታች ከሆነ አይቁሙ፤ የሚመጣው ካርታ ሊያቃጥልዎት አይችልምና።

ከዚህ ውስጥ ሰው አምኖ የማይቀበለው አዳዩ 6 እያሳየ በ13 መቆምን ነው። አዳዩ 5 ወይም 6 ሲያሳይ ከ100 ጊዜ ወደ 42 ጊዜ ገደማ ይቃጠላል፤ እርስዎ ቀድመው ከተቃጠሉ ግን የእርሱ መቃጠል አይጠቅምዎትም።

ደረጃ 7፦ አዳዩ ይጨርስ፣ ሒሳብ ይዘጋ

አዳዩ 16ና ከዚያ በታች ሲሆን ይጨምራል፤ 17ና ከዚያ በላይ ሲሆን ይቆማል፣ አስ ያለበት 17ም ቢሆን። ተመልካች «ጨምር» ቢለው አይሰማም።

ክፍያው ሲኒው ካለበት ተጀምሮ በተራ ይፈጸም። ከአዳዩ የበለጠ የውርርዱን ያህል ይከፈለዋል፤ እኩል የሆነ የራሱን ይመልሳል፤ ያነሰ ያጣል። ብላክጃክ ያለው አንድ ተኩል ይከፈለዋል፤ አዳዩም ብላክጃክ ካለው እኩል ናቸው። አዳዩ ብላክጃክ ሲያወጣ እጥፍ ያደረጉ ወይም የከፈሉ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ውርርዳቸውን ብቻ ያጣሉ፤ የጨመሩት ይመለስላቸዋል። አዳዩ ለሁሉም ከፍሎ ሳይጨርስ ማንም ቆርኪ አይንካ።

አንድ ዙር ወደ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከብወዛው ጋር ሙሉው ጨዋታ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ተጫዋቾቹ ወደ መገናኛ ወይም ወደ ሳሪስ የሚመለሱ ከሆነ ታክሲ ከመሳሳቱ በፊት እንዲያልቅ ከዘጠኝ ሰዓት ሳያሳልፉ ይጀምሩ።

ደረጃ 8፦ ስንብትና ምስጢራዊ ውርርድ

ከ8ኛው፣ ከ16ኛውና ከ25ኛው ዙር *በፊት* መዝጋቢው የሁሉንም ነጥብ ቆጥሮ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ይቆጥራል፣ ዝቅተኛውም ይሰናበታል። ቀደም ብሎ ነጥቡ ያለቀበት ሰው ቢኖርም ስንብቱ አይቀርም፤ ሁለት ሰው ብቻ ከቀረ ግን ሁለቱ ያለስንብት እስከ 30ኛው ይቀጥላሉ። ዝቅተኛ ነጥብ ሁለት ሰዎች እኩል ከያዙ አንድ አንድ ካርታ ይውጣላቸው፤ አስ ከሁሉም ይበልጣል፣ ያነሰው ይሰናበታል። ከ30ኛው ዙር በፊትም ቆጠራው ይነበብ።

እያንዳንዱ ተጫዋች በሙሉው ውድድር አንድ ጊዜ ውርርዱን መደበቅ ይችላል። በተራው «በምስጢር» ይልና መጠኑን ጽፎ፣ አጥፎ ቆርኪ ይጭንበታል። መዝጋቢው መጠኑ ሕጉን መጠበቁንና ተጫዋቹ ያን ያህል ነጥብ እንዳለው ለብቻው አይቶ ይመልሰዋል። ወረቀቱ የሚከፈተው አዳዩ ሁለተኛ ካርታውን ሊያወጣ ሲል ነው፤ ባለቤቱ እጥፍ ወይም ክፈል ካለ ግን በዚያው ሰዓት ይከፈታል።

ወረቀቱን በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዙር ለጨዋታ ያህል የሚያባክኑ ብዙ ናቸው። ዋጋ የሚኖረው በስንብት ዙር ወይም በ30ኛው ከዋና ተፎካካሪዎ ቀድመው ማስያዝ ሲገደዱ ነው።

ደረጃ 9፦ ውርርድዎን በተፎካካሪዎ ነጥብ ይለኩ

አንድ ነገር አስቀድመው ይያዙ፤ ሁሉም ተጫዋች የሚለካው በአንድ አዳይ ካርታ ነው። አዳዩ ሲቃጠል በጠረጴዛው ያልተቃጠለ ሁሉ በአንድነት ያገኛል፤ አዳዩ 20 ሲያወጣ ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድነት ያጣል። ከዚህ የሚመጣው ስሌት ይህ ነው፦ እየመሩ ከሆነ የተከታይዎን ያህል ያስይዙ፣ አብራችሁ ስትወጡም ስትወርዱም ልዩነቱ እንዳለ ይቆያልና። እየተከተሉ ከሆነ ግን መሪውን መምሰል አያዋጣም፤ እርሱ ብዙ ካስያዘ ጥቂት፣ ጥቂት ካስያዘ ብዙ ያስይዙ።

በ8ኛው ዙር እርስዎ 860፣ በስተቀኝዎ ያለው 800፣ ሌሎቹ ከ1,000 በላይ ይኑራቸው እንበል። ከመሪው ጋር በዚህ ዙር ምንም ጉዳይ የለዎትም፤ የሚመለከትዎት ያ ባለ 800 ብቻ ነው። እርሱ ቀድሞ 200 ካስያዘ እርስዎም 200 ያስይዙ። ሁለታችሁም ብታገኙ 1,060 ለ1,000፣ ሁለታችሁም ብታጡ 660 ለ600 ትሆናላችሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋዎት እርሱ አግኝቶ እርስዎ የሚያጡበት አጋጣሚ ነው።

አሁን ወደ 30ኛው ዙር እንለፍ፤ ጠቅላላው ችሎታ የሚታየው እዚህ ነው። ሰናይት 1,240፣ በቀለ 1,160፣ ያሬድ 700 ነጥብ አላቸው።

ሲኒው በበቀለ ፊት ከሆነና ሰናይት ከሁሉም በኋላ የምታስይዝ ከሆነ የእርሷ ሥራ ቀላል ነው። በቀለ 500 ካለ እርሷም 500 ትላለች፤ ሁለቱም ቢያገኙ 1,740 ለ1,660፣ ሁለቱም ቢያጡ 740 ለ660 ይሆናሉ። በቀለ 20 ካለ 20 ትላለች።

ሲኒው በሰናይት ፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 500 ብታስይዝ በቀለ 20 ብቻ አስይዞ ይጠብቃታል፤ አዳዩ ሁለቱንም ቢያሸንፍ እርሷ 740፣ እርሱ 1,140 ይዘው ይቀራሉ። 20 ብታስይዝ ደግሞ በቀለ 120 ያስይዛል፤ ሁለቱም ቢያገኙ እርሷ 1,260፣ እርሱ 1,280 ይሆናሉ። ምስጢራዊ ውርርዷን እስካሁን ያቆየችው ለዚህ ሰዓት ነው፤ በቀለ የእርሷን መጠን ካላወቀ ተቃራኒውን ሊመርጥ አይችልም። ወረቀቱን ከጨረሰች እኔ ብሆን 20ውን እመርጣለሁ፤ አዳዩ ሲያሸንፍ መሪነቱ በእጇ ይቆያልና።

የያሬድ ሁኔታ ከሁሉም በላይ ያስተምራል። ሰናይት 20 አስይዛ ብታጣ እንኳ 1,220 ይቀራታል። ያሬድ የሚፈቀደውን 500 አስይዞ ቢያገኝ 1,200 ይሆናል፤ በ20 ነጥብ ይሸነፋል። ስለዚህ 17 ቢደርሰው፣ 19ም ቢደርሰው፣ «በቃኝ» ማለት ለእርሱ በፈቃድ መሸነፍ ነው። የቀረውን 200 ጨምሮ እጥፍ ማለት አለበት፤ ካገኘ 1,400 ይሆናል። በ17 ላይ እጥፍ ያለ ሰው የሚያድነው አስ፣ 2፣ 3 ወይም 4 ብቻ ስለሆነ ከ13 ካርታ አራቱ ናቸው፤ ያም ሆኖ አራት ዕድል ከዜሮ ይበልጣል። በየጠረጴዛው የሚደጋገመው ስሕተት ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ በ20 ቆሞ አዳዩን ያሸንፋል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ ቆጠራው ሲነበብ ሁለተኛ ሆኖ ይገኛል። ካርታዎን ከማየትዎ በፊት «ባገኝ ስንት ይኖረኛል? ያ የሚፎካከረኝን ሰው ይበልጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ አይበልጥም ከሆነ በደረጃ 6 የተነገረዎትን የካርታ ሕግ ለጊዜው ይርሱት።

በቀደሙት ዙሮች ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ድረስ 20 ወይም 40 እያስያዙ የሌሎችን ጠባይ ያጥኑ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ከቀሩ ስንብቱ ሳይደርስ፣ ለምሳሌ በ6ኛውና በ7ኛው ዙር፣ ከፍ አድርገው ይሞክሩ። እስከ 8ኛው የጠበቀ ሰው የሚቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ ሲበላሽ

*ሰው ያለተራው ካስያዘ።* ውርርዱ ይጸናል። የተዘለሉት ሰዎች ያንን አይተው ያስይዛሉ፤ ቅጣቱ ይኸው ነው።

*አዳዩ አንድ ሰው ዘልሎ ካደለ።* ማንም ገና ያልተጫወተ ከሆነ ካርታው ሁሉ ይሰብሰብና ዙሩ እንደገና ይጀመር፣ ውርርዱ ግን አይቀየር። ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ከታወቀ የተዘለለው ሰው ውርርዱን መልሶ በዚያ ዙር ያርፋል። ይህ በስንብት ዙር ከደረሰ ዙሩ በሙሉ ተሰርዞ ይደገም።

*«በቃኝ» ላለ ሰው ካርታ ከወጣ።* ካርታው ወደ ጎን ይቀመጣል፣ ለማንም አይሰጥም። ተጫዋቹ በእጁ ምልክት ብቻ ሰጥቶ ከነበረ አዳዩ አይወቀስም፤ በቃል መናገር የታዘዘው ለዚህ ነው።

*ክፍያ ከተሳሳተ።* የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ካርታ ሳይወጣ ከተነገረ ይታረማል፤ ከዚያ በኋላ አይታረምም። ይህን ሳይወላውሉ ያስከብሩ፤ ሦስት ዙር ወደ ኋላ የሚመለስ ክርክር መጨረሻ የለውም።

*ምልክት የሌለው ቆርኪ ከተገኘ።* ከጨዋታው ይነሳል፤ የማን እንደሆነ ከታወቀ ያ ሰው ይሰናበታል። ካልታወቀ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ግን መዝጋቢው ከዚያ በኋላ በየአምስት ዙሩ የሁሉንም ነጥብ ይቁጠር።

*የአዳዩ ሳህን ትንንሽ ቆርኪ ካለቀበት።* ብዙ ያከማቸው ተጫዋች ያልተቀባውን በሰማያዊ እንዲመነዝር ይገደዳል፤ መዝጋቢው ባለበት ይቆጠር።

*ተጫዋች አቋርጦ ከሄደ።* ነጥቡ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ለጓደኛው አይተላለፍም፣ ሌላ ሰውም በቦታው አይተካም።

*መብራት ከጠፋ።* አዳዩ ሁለት እጁን የጫማ ካርቶኑ ላይ ያድርግ፤ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ከጠረጴዛው ያንሱ። መዝጋቢው የስልኩን መብራት ከላይ ወደ ታች ይያዝ፤ ከጎን ከተያዘ የቆርኪው ጥላ ቀዩንና ሰማያዊውን ያመሳስላል። የተጀመረው ዙር ይጨረስ። መብራቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ወይም በሌላ ምክንያት መቋረጥ ግድ ከሆነ፣ በመጨረሻ የተጠናቀቀው ዙር ቆጠራ ውጤት ሆኖ ይመዝገብ፤ ከ25ኛው ዙር በፊት ከተቋረጠ ግን አሸናፊ አይሰየም፣ የእያንዳንዱ ነጥብና ሲኒው ያለበት መቀመጫ በደብተሩ ተጽፎ በሌላ ቀን ካቆመበት ይቀጥል።